ነጠብጣቧ በሽታ አይደለችም፦ ስንዴ ዋግን እንዴት ይከላከላል?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የአርሲ ስንዴ አምራች ልጅ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«አባቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዋግ ይቋቋማል የተባለ የስንዴ ዝርያ ወስደው ዘሩ። መጀመሪያ ላይ በጣም ጥሩ ነበር፤ ማሳው ንጹሕ፣ ምርቱም አጥጋቢ። በኋላ ግን በአንድ መኸር ግንዱ በሸክላ ቀለም ብጉር ተሸፈነ፣ ፍሬውም ቀጭጮ ቀረ። አባቴ ዘሩ አርጅቷል ይላሉ። ጎረቤታችን ደግሞ መሬቱ ዘሩን ጠልቶታል ይላል። ለመሆኑ ተክል እንደ ሰው በሽታ የመከላከል አቅም አለው? ካለው እንዴት ይጠፋበታል? ሌላም ነገር አለ። በማሳው ውስጥ ከሌላ ዘር የተቀላቀሉ ጥቂት ተክሎች ነበሩ። ቅጠላቸው ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ወጥቶባቸዋል፣ ብጉር ግን የላቸውም። አባቴ በሽታው ከእነሱ እንዳይዛመት ብለው ነቅለው ጣሏቸው። ልክ ነበሩ? ለመጪው መኸርስ ምን ያድርጉ? መድኃኒት ይርጩ?»

ከተነቀሉት ተክሎች ልጀምር። ምክንያቱም የጥያቄው ሁሉ መልስ ያለው እነሱ ላይ ነው።

ዋግ በበዛበት ማሳ ውስጥ፣ ብጉር ሳይኖረው የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጭ ወይም ቢጫማ ነጠብጣብ ብቻ ያለበት ቅጠል ካገኙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያ ተክል አልታመመም። ዋግ ፈንገስ ነው፤ የሚራባውም ስፖር በሚባል እንደ ዱቄት በደቀቀ ዘር ነው። እያንዳንዷ ነጠብጣብ አንድ የዋግ ስፖር ሊገባ ሞክሮ የሞተባት ቦታ ናት። ነጠብጣብ የሚያመጡ ሌሎች በሽታዎችም ስላሉ፣ ሳላይ ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ መሆን አልችልም። ግን እርስዎ እንደገለጹት ከሆነ፣ አባትዎ የነቀሏቸው በማሳው ውስጥ ዋጉን ያሸነፉትን ተክሎች ነው። ይህን የምለው አባትዎን ለመውቀስ አይደለም። ጠንቃቃ ገበሬ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። ዘሩን ስናከፋፍል «ይቋቋማል» እንላለን። የሚቋቋም ተክል በዋግ ዓመት ምን እንደሚመስል ግን ለገበሬው እምብዛም አናሳይም። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። አዎ፣ ተክል በሽታን የመከላከል አቅም አለው። አሠራሩ ግን ከእኛ ይለያል። እኛ በደማችን ውስጥ እየዞሩ ጀርም የሚያድኑ ነጭ የደም ሴሎች አሉን። ስንዴ ደም የለውም፤ የሚዞር ሴልም የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሴል ለራሱ ይቆማል። ወራሪውን የሚለየው፣ የሚዋጋው፣ ለጎረቤት ሴሎች የሚያሳውቀው፣ ነገሩ ሲብስም ራሱን የሚገድለው ያው የተጠቃው ሴል ነው።

ዋጉ እንዴት እንደሚገባ ካላወቅን መከላከሉም አይገባንም። ስንዴን የሚያጠቁ ሦስት ዋጎች አሉ። ቢጫ ዋግ ቀዝቃዛ አየር ይወዳል፤ ቅጠሉ ላይ በመስመር ተደርድሮ ይወጣል። የቅጠል ዋግ እዚህም እዚያም የተበተነ ቡናማ ክብ ብጉር ነው። የግንድ ዋግ ሞቅ ያለ አየር ይወዳል፤ የግንዱን ቅርፊት ቀዶ በሸክላ ቀለም ይወጣል። የአባትዎን ማሳ የመታው ይህ ሦስተኛው ይመስለኛል። ከሦስቱ አስፈሪውም እሱ ነው። ግንዱን ስለሚቦጫጭቀው ተክሉ ውኃ ያጣል፣ ወደ ፍሬው የሚሄደው ምግብም ይቋረጣል። ከአጨዳ ሦስት ሳምንት በፊት ሲያዩት ያማረ ማሳ፣ ሲታጨድ ገለባ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስፖሩ በንፋስ ይመጣና ቅጠል ወይም ግንድ ላይ ያርፋል። ለመብቀል እርጥበት ይፈልጋል። ሌሊት ጤዛ ካገኘ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀጭን ክር ያወጣል። ክሩ የቅጠሉን ገጽ እየዳበሰ ይሄዳል። የሚፈልገው ቅጠሉ አየር የሚያስገባበትን ስቶማታ የተባለ ጥቃቅን ቀዳዳ ነው። ሲያገኘው አፉ ላይ ያብጥና ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከዚያ የአንዱን ሴል ግድግዳ ይበሳል። ከግድግዳው በስተጀርባ ያለውን ስስ ሽፋን ግን አይቀድም፤ ወደ ውስጥ እየገፋ እዚያው መምጠጫ አካል ይሠራል። በእሱም የተክሉን ስኳርና አሚኖ አሲድ ይመጥጣል። ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ብጉሩ ይፈነዳና በሺዎች የሚቆጠር አዲስ ስፖር ይበትናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ዋግ የሚኖረው ሕያው ከሆነ ሴል እየመጠጠ ብቻ ነው። ሴሉን መግደል አይፈልግም። ሴሉ ከሞተበት እሱም በረሃብ ይሞታል። የነጠብጣቧ ምስጢር ያለው እዚህ ነው። ግን ከዚያ በፊት አንድ ደረጃ አለ።

የፈንገስ ሴል ግድግዳ ውስጥ ኪቲን የሚባል ነገር አለ። ስንዴ ውስጥ ኪቲን የለም። ስለዚህ ለስንዴ ሴል ኪቲን ማለት «ፈንገስ መጥቷል» ማለት ነው። በሴሉ ሽፋን ላይ የኪቲን ቁርጥራጭ የሚለዩ ፕሮቲኖች አሉ። ስንዴው ራሱም የፈንገሱን ግድግዳ የሚቆራርጥ ኪቲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ያመርታል። ቁርጥራጩ ከፕሮቲኖቹ ጋር ሲገናኝ በደቂቃዎች ውስጥ ካልሲየም ወደ ሴሉ ይጎርፋል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይመረታል፣ የሴሉ ግድግዳ በተጠቃበት በኩል ይወፍራል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችም ሥራ ይጀምራሉ። ብዙዎቹ ፈንገሶች ከዚህ አያልፉም። የቡና ዋግ ስፖር ስንዴ ላይ ቢያርፍ ምንም አያመጣም። ስንዴ በየቀኑ ስንት ዓይነት ስፖር እየወደቀበት ጤነኛ ሆኖ የሚታየው ይህ የመጀመሪያው መከላከያ ሳይታይ ስለሚሠራ ነው።

የስንዴ ዋግ ግን ከስንዴ ጋር እጅግ ረጅም ዘመን ኖሯል። ይህን መከላከያ ያውቀዋል። በመምጠጫው በኩል ወደ ሴሉ ውስጥ ኢፌክተር የሚባሉ ፕሮቲኖችን ይልካል። ሥራቸው የማንቂያውን መልእክት ማፈን፣ ሴሉንም ምግብ አቅራቢ ማድረግ ነው። ከተሳካላቸው ብጉር ይወጣል።

ተክሉም ለዚህ ሁለተኛ መልስ አለው። በሴሉ ውስጥ እነዚህን ኢፌክተሮች ነጥሎ የሚለዩ ሌሎች ፕሮቲኖች ተቀምጠዋል። ስንዴ እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖችን የሚሠሩ ከሺህ በላይ ጂኖች አሉት። አንዱ ፕሮቲን የሚለየው በአብዛኛው አንድን ኢፌክተር ነው። የአንድ ሰው ፎቶ ይዞ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ማለት ነው። ያ ሰው ሲመጣ ይይዘዋል። ሌላ ሰው ቢመጣ ግን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፤ ፎቶው የሌላ ነውና።

ኢፌክተሩ ሲታወቅ ሴሉ የሚወስደው እርምጃ የማያዳግም ነው። ራሱን ይገድላል። በዙሪያው ያሉ ጥቂት ሴሎችም አብረው ይሞታሉ። ዋጉ መምጠጫውን ከተከለ በኋላ የሚመገበው ሕያው ሴል ያጣል፣ እዚያው ይደርቃል። ከውጭ የምትታየው ያቺ ትንሽ ነጠብጣብ ናት። ተክሉ ጥቂት ሴሎችን ሰጥቶ መላ ቅጠሉን ያድናል።

ይህን ያወቅነው በአንድ ቀን አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሮውላንድ ቢፈን የተባለ የካምብሪጅ ተመራማሪ በ1905 ቢጫ ዋግን የመቋቋም ባሕርይ እንደ ቁመት ወይም እንደ ቀለም ከወላጅ ወደ ልጅ በታወቀ የውርስ ሕግ እንደሚተላለፍ አሳየ። በ1940ዎቹ ደግሞ ሃሮልድ ፍሎር በአሜሪካ ኖርዝ ዳኮታ የተልባ ዋግን አጠና። የተልባውን ብቻ ሳይሆን የፈንገሱንም ውርስ ተከታተለ። ለእያንዳንዱ የተልባ ተቋቋሚ ጂን፣ በፈንገሱ በኩል ተዛማጅ ጂን እንዳለ አገኘ። ሁለቱ ከተገናኙ ተክሉ ይድናል። አንዱ ከጎደለ ይታመማል። ጂን ከምን እንደተሠራ ገና ሳይታወቅ የተደረሰበት ግኝት ስለሆነ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በስንዴ የግንድ ዋግ ላይ ደግሞ በ2017 ሁለት ኢፌክተሮች ተለይተው ታወቁ፤ ኤስአር35 እና ኤስአር50 የተባሉት የስንዴ ጂኖች የሚይዟቸው ናቸው። ፍሎር በማዳቀል ብቻ የደረሰበት ነገር በፕሮቲን ደረጃ ተረጋገጠ።

«ታዲያ አቅሙ እንዴት ይጠፋል?» ላሉት መልሱ፣ አይጠፋም ነው። የአባትዎ ስንዴ ዛሬም ያንኑ ጂን ይዟል። ስንዴ በአብዛኛው በራሱ የአበባ ዱቄት የሚራባ ሰብል ስለሆነ ጂኑ በቀላሉ አይከለስም። ያ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ተቀምጦ ቢቆይና በድሮው ዋግ ቢሞከር፣ ዛሬም እንደ ድሮው ያሸንፈዋል። የተለወጠው ዋጉ ነው። አንድ የተጠቃ ማሳ የሚያወጣው ስፖር በቢሊዮን ይቆጠራል። ከዚያ ሁሉ መካከል ኢፌክተሩ የተበላሸ ወይም ቅርጹ የተቀየረ ስፖር ሁልጊዜ ይኖራል። ሌላ ዝርያ በተዘራበት ማሳ ላይ ይህ ምንም አይጠቅመውም። መላው አካባቢ አንድ ዝርያ ከዘራ ግን፣ አንዱን ተክል ያለፈ ስፖር ሁሉንም ያልፋል።

አባትዎ «ዘሩ አርጅቷል» ሲሉ ከአየር አልፈጠሩትም። ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ዝርያው ከዓመት ዓመት ይወድቃል። ከራስ ጎተራ የሚዘራ ዘር ሊቀላቀል፣ የብቅለት ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል። እንደ አረማሞ ያሉ በዘር የሚተላለፉ በሽታዎችም አሉ። ዋግ ግን በዘር አይተላለፍም። ያንኑ ዝርያ አዲስ፣ የተመረጠ ዘር ቢገዙ ውጤቱ አይለወጥም። ብዙ ገበሬ ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ አጥብቄ እናገራለሁ። መሬቱም ዘሩን አልጠላም።

ታሪኩ በአገራችን ስንት ጊዜ እንደተደገመ ይመልከቱ። ዳሸን የተባለው ዝርያ በ1988 በቢጫ ዋግ ተመታ። እንኮይ አርሲና ባሌን ሸፍኖ ለብዙ ዓመታት ከቆየ በኋላ በ1993 እና 1994 በግንድ ዋግ ወደቀ። በ2010 ተራው የኩብሳና የጋላማ ሆነ፤ ቢጫ ዋግ በዚያ ዓመት ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ ስንዴ መታ። ከዚያ በኋላ ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ይችላል ወደተባለው ወደ ዲገሉ ዞረ። በ2013 መኸር መጨረሻ ላይ፣ በባሌና በአርሲ፣ ዲገሉን የሚያልፍ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት ተነሣ። ምንም ሳይታጨድ የቀረ ማሳ ነበር። የዲገሉን መከላከያ የተሸከመው በዋናነት ኤስአርቲኤምፒ የሚባል አንድ ጂን ነበር። አንድ ዘበኛ ለሺዎች ሄክታር።

በዓለም ደረጃም ያው ነው። ኤስአር31 የተባለ ጂን ራይ ከሚባል የስንዴ ዘመድ እህል ወደ ስንዴ ገብቶ ለአሥርት ዓመታት በብዙ አገሮች የግንድ ዋግን አስቁሞ ነበር። በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ እሱን የሚያልፍ ዋግ ተገኘ። ዩጂ99 የሚባለው እሱ ነው። በ2003 ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ፣ ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኢራን ደረሰ። ብዙ ሰው የዲገሉን ውድቀት ከዩጂ99 ጋር ያያይዘዋል። የዲገሉ ዋግ ግን ከእሱ ዘር አይደለም፤ ሌላ ቤተሰብ ነው። ለገበሬው ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ዝርያ ለሚመርጥ ሰው ግን ትልቅ ነው፤ አንዱን የሚችል ስንዴ ሌላውን ላይችል ይችላልና።

እንዲህ ከሆነ ሁልጊዜ መሸነፍ ነው ወይ? አይደለም። ሌላ ዓይነት መከላከያ አለ። እኔ በግሌ ከሁሉም አብልጬ የማምነው እሱን ነው።

አንዳንድ ጂኖች አንድን ኢፌክተር ነጥለው አያድኑም። ሴሉንም አያስገድሉም። ዋጉ እንዲገባ ይተዉታል፣ ግን ያዘገዩታል። ብጉሩ ያንሳል፣ ቁጥሩም ይቀንሳል፣ ለመፈንዳትም ይቆያል። ዋጉ ሁለት ሦስት ዙር ተራብቶ ማሳውን ሳያጥለቀልቅ ስንዴው ይደርሳል። ይህ መከላከያ በደንብ የሚሠራው ተክሉ ካደገ በኋላ ስለሆነ ቡቃያው ላይ አይታይም። ኤስአር2 የሚባለው ጂን ከእነዚህ አንዱ ነው። ኤድጋር ማክፋደን የተባለ አሜሪካዊ በ1920ዎቹ ከዳቦ ስንዴ ዘመድ፣ ከኤመር ስንዴ አውጥቶ ወደ ዳቦ ስንዴ አስገባው። መቶ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ኤልአር34 የሚባለው ሌላው ደግሞ ሦስቱንም ዋጎች ያዘገያል። እንዲህ ያሉ ጂኖች ብቻቸውን ሲሆኑ በከባድ የዋግ ዓመት አይበቁም። ሦስት አራት ሆነው አንድ ዝርያ ውስጥ ሲገቡ ግን ጥሩ ጥበቃ ይሰጣሉ። አንድ ስፖር በአንድ ለውጥ ሁሉንም ማለፍ አይችልም።

አሁንም የመልክ ጉዳይ ይመጣል። ኤስአር2 ያለው ስንዴ አንዳንድ ጊዜ በዛላው ቅርፊት ላይና ከግንዱ አንጓ በታች ይጠቁራል። የተቃጠለ ይመስላል። ኤልአር34 ያለው ደግሞ የቅጠሉ ጫፍ ይደርቃል። ሁለቱም በሽታ አይደሉም። የጂኖቹ ምልክት ናቸው፤ አዳቃዮችም ጂኑ መኖሩን ለማወቅ ይጠቀሙባቸዋል። ማሳው ውስጥ የሚገባ ሰው ግን ጥቁሩን አይቶ «ይሄ የታመመ ነው» ይላል። ዘር ሲመርጥም ይተወዋል። ስለዚህ ለአባትዎ ይህን ይንገሩልኝ፦ መፈለግ ያለበት ብጉር ነው። በጣት ሲያሹት እንደ ዝገት ዱቄት ጣት ላይ የሚቀር ከሆነ ዋግ ነው። ጣት ላይ ምንም የማይቀር ነጠብጣብ ወይም ጥቁረት ከሆነ፣ ከመንቀል በፊት ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ያሳዩት።

የእኛው አገር ገብስ በዚህ ጉዳይ ላይ ለዓለም ያበረከተውን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የገብስ ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል የፈንገስ በሽታ አለ። በአውሮፓ ብርቱ ችግር ነበር፤ ተቋቋሚ ጂን ባስገቡ ቁጥር ፈንገሱ ያልፈዋል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ በተወሰዱ የገበሬ ገብሶች ውስጥ ግን የተለየ ነገር ተገኘ። እነዚህ ገብሶች ኤምኤልኦ የተባለው ጂናቸው በተፈጥሮ አይሠራም። ፈንገሱ ለመግባት ያን ጂን ይፈልገዋል። ጂኑ ከሌለ ሴሉ ፈንገሱ በሚበሳበት ቦታ ላይ ግድግዳውን አወፍሮ ይዘጋዋል። ከ1979 ጀምሮ የአውሮፓ የጸደይ ገብስ ዝርያዎች ይህን ባሕርይ ይዘው ይወጣሉ፤ እስከ ዛሬም ፈንገሱ አልፎት አልሄደም። የገብስ ቢጫ አቀጭጭ ቫይረስን የሚቋቋመው ዋይዲ2 የተባለ ጂንም የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። እነዚህን ዘሮች ያቆዩት ስማቸው የትም ያልተጻፈ የደጋ ገበሬዎች ናቸው። የአካባቢ ዘር ሲጠፋ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

የሴል ሞት ሁልጊዜ መፍትሔ ነው ብለው እንዳይወስዱት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሬሳ የሚበሉ ፈንገሶችም አሉ። በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዋግን የሚቋቋም ጂን ያለበት የሲናር ዝርያ በሰፊው ተዘራ። አንድ ሌላ ፈንገስ ያንኑ ጂን በመርዙ እየነካ ሴሎቹን ራሳቸውን ያስገድላቸው ጀመር። ተክሉ በራሱ መከላከያ አለቀ። ስለዚህ ተክል ወራሪው ማን እንደሆነ መለየት አለበት። ሕያው ሴል ለሚመጥጡ እንደ ዋግ ላሉት ሳሊሲሊክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ያመርታል። ለትልና ለሬሳ በል ፈንገስ ደግሞ ጃስሞኒክ አሲድ የሚባለውን ያዘጋጃል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንዱ ሌላውን ያዳክማል። ጥገኛ አረም ሲሆን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የአቀንጭራ ዘር የሚበቅለው የማሽላ ሥር የሚያወጣውን ኬሚካል ሲያገኝ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ያንን ኬሚካል ጥቂት ብቻ የሚያወጡ ማሽላዎችን አዳቀሉ፤ በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማት ያገኙትም አቀንጭራንና ድርቅን በሚቋቋሙ ማሽላዎቻቸው ነው።

አሁን ለመጪው መኸር ወደሚሆነው እንምጣ።

መድኃኒት ይሠራል። እንደ ፕሮፒኮናዞልና ቴቡኮናዞል ያሉት የፈንገሱ ሴል ሽፋን እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ግን የሞተ ቅጠል አያስነሡም፣ የቀጨጨ ፍሬም አይሞሉም። ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ፍሬውን በብዛት የሚሞላው ከዛላው ሥር ያለው የመጨረሻው ሰፊ ቅጠል ነው። እሱ ንጹሕ እያለ፣ ከታች ባሉት ቅጠሎች ወይም በአካባቢው ማሳ ላይ የመጀመሪያው ብጉር እንደታየ መርጨት ያዋጣል። ማሳው በሙሉ ቀልቶ ከታየ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት ገንዘብ መጣል ነው። ስለዚህ ዛላ ከመውጣቱ ጀምሮ አባትዎ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማሳው ውስጥ ይግቡ። ዳሩን ብቻ አይዩ። ጎንበስ ብለው የታችኛውን ቅጠልና ግንዱን ይገላልጡ። መጠኑን ከማሸጊያው ላይ ያንብቡላቸው፣ እሱን አያሳንሱ፣ አያብዙም። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ይልበሱ፣ ንፋስ ባለበት ሰዓት አይርጩ፣ ከርጭት እስከ አጨዳ የተጻፈውን የቀን ብዛት ይጠብቁ።

መሬቱ በቂ ከሆነ አንድ ዝርያ ብቻ አይዝሩ። ሁለት ወይም ሦስት ዝርያ በየቁራሹ ይዝሩ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቆማል። ከጎረቤት ጋር ተነጋግረው ጎን ለጎን የተለያየ ቢዘሩ ደግሞ የበለጠ ነው፤ ስፖሩ ከማሳ ማሳ እንደ ልቡ አይሄድም። በትግራይ ገብስና ስንዴ ቀላቅለው የሚዘሩት ሐንፈጽ፣ በአማራ ክልል አንዳንድ ቦታ ዋሰራ የሚሉት ዘዴ፣ ይህንኑ ጥቅም ይዟል። የገብሱ ተክል ለስንዴው ዋግ መንገድ ይዘጋል።

ሌላው ትልቅ ነገር አረንጓዴ ስንዴ ዓመቱን ሙሉ እንዳይኖር ማድረግ ነው። ዋግ ሕያው ተክል ካጣ በአካባቢው መቆየት ይከብደዋል። በባሌ ስንዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል። በየቦታው የበጋ መስኖ ስንዴም እየሰፋ ነው። ለምርት ጥሩ ነው፤ ለዋጉም ግን ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ይሆነዋል። መስኖውን ተዉ ማለቴ አይደለም። ቢያንስ ከአጨዳ በኋላ ከወደቀ ፍሬ ራሱ የበቀለውን ስንዴ አርሰው ይገልብጡት፣ በመስኖ የሚዘራው ዝርያም ተቋቋሚ ይሁን። ዩሪያም ከምክሩ በላይ አይጨምሩ። ማሳው ከመጠን በላይ ጥቅጥቅ ሲል ጤዛው ሳይደርቅ ይቆያል፤ በተለይ ቢጫ ዋግ ይህን ይወዳል።

ዋግ ሲታይ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በፍጥነት መናገርም ለአባትዎ ብቻ የሚጠቅም ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሲሚት የሚባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከልና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ከእንግሊዝ የአየር ትንበያ ተቋም ጋር ሆነው ስፖሩ በንፋስ ወዴት እንደሚሄድ የሚተነብይ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አላቸው። ያ ትንበያ የሚነሣው ከማሳ በሚመጣ መረጃ ነው። የተጠቃ ግንድ ናሙናም ቢወሰድ አዲስ የዋግ ዓይነት መነሣቱ ቶሎ ይታወቃል።

ዘሩን በሚመለከት፣ የወደቀውን ዝርያ በዚህ ዓመት አይድገሙት። አዲስ ሲወስዱ «ዋግ ይቋቋማል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። አዎ ይሏቸዋል። ይልቅ እነዚህን ይጠይቁ፦ የትኛውን ዋግ ነው የሚቋቋመው፣ የግንድ ነው ወይስ ቢጫ? ከተለቀቀ ስንት ዓመቱ ነው? ባለፈው መኸር በቁሉምሳ የምርምር ማዕከል ወይም በአካባቢያችን የሙከራ ማሳ ላይ ስንት በመቶ ተጠቃ? የአምስት ዓመት በፊት መረጃ ዛሬ ላይሠራ ይችላል፤ የባለፈው መኸር ቁጥር ነው የሚያስፈልጋቸው። የልማት ጣቢያው ሠራተኛ ካላወቀው ቁሉምሳ ያሉት የስንዴ ተመራማሪዎች ያውቁታል። ጥያቄውም ዘር ከመከፋፈሉ በፊት፣ በበልግ መጨረሻ ላይ ቢደርሳቸው ይሻላል።